«ቅባት ለመሥራት 5 ዓመት?»

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕፃናት ትኩሳት የጀመርኩትን እጨርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ለሌላ ጊዜ ይተላለፍልኝ። ቤቴ ውስጥ የሆነውን ሳልነግራችሁ ሌላ ነገር መጻፍ አልሆነልኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ነን። የትልቋ ልጄ ልጅ ፋርማሲ ነው የምትማረው፤ ዘንድሮ 4ኛ ዓመት ናት፣ አንድ ዓመት ይቀራታል። አጎቷ ፈንዲሻ እየዘገነ «እንግዲህ ስትመረቂ ተረዳድተን አንድ ፋርማሲ እንከፍትልሻለን» አላት። ልጅቷ ሲኒዋን አስቀመጠችና «እኔ መድኃኒት ቤት መቆም አልፈልግም። የክሬምና የሎሽን አሠራር ነው የምቀጥለው። ኮስሞቲክስ መቀመም ነው የምፈልገው» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አጎቷ ሳቀ። «ቅባት ለመሥራት 5 ዓመት? ሰፈራችን ያለችው ልጅ እኮ ያለ ምንም ትምህርት ቲክቶክ ላይ እየሸጠች መኪና ገዛች!» እናቷ ምንም አላለችም፤ ጀበናውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ልጄን አውቃታለሁ፣ ስትቆጣ አትናገርም። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «እቴቴ፣ አንቺስ? አንቺ የጤና ሰው ነሽ» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ከአጎቷ ጋር ነበር። በ1976 ዓ.ም. የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስጀምር ፋርማሲስት ማለት ለእኛ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ በመስኮት በኩል የምናየው የተከበረ ሰው ነበር። ክሬምና ሊፒስቲክ ደግሞ የቅንጦት ነገር እንጂ የጤና ጉዳይ አልነበረም። «ተይ ልጄ» ልላት አፌን ስከፍት ፊት ለፊቴ የተቀመጠችውን ታናሽ እህቴን አየሁ። እንደ ልማዷ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ስባዋለች። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ነገሩ ከ12 ዓመት በፊት የሆነ ነው። እህቴ ማድያት ወጥቶባት ነበር። የልጇ ሰርግ እየደረሰ ስለነበር ከአንድ ኮስሞቲክስ ቤት የገዛችውን ቱቦ ይዛ መጣች። «አንቺ ሲስተር አይደለሽ? እስቲ እይልኝ» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፣ ቤታሜታዞን ይላል። በሐኪም ትእዛዝ ለችፌና ለቆዳ አለርጂ ሲሰጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። «መድኃኒት ነው፣ ስሙ ከማይታወቀው ሁሉ ይሻላል፤ ተቀቢው» አልኳት። ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገርኳትም። የፊት ቆዳ ከክንድ ቆዳ ይልቅ ስስ ስለሆነ ብዙ እንደሚመጥም አልነገርኳትም። ያን ጊዜ እኔም በቅጡ አላሰብኩበትም።

በሁለት ሳምንት ፊቷ ጠራ። ሰርጉ ላይ ያላደነቃት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስታቆም ማድያቱ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ትቀባለች። እንዲህ እያለች 8 ወር ቆየች። ቆዳዋ ሳሳ፣ ጉንጮቿ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ተዘረጉ፣ ብጉርና አገጯ ላይ ጸጉር ወጣባት። ጨርሳ ስታቆመው ደግሞ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሟ «ማን ነው ይህን ያዘዘልዎት?» ብላ ስትጠይቃት እህቴ «ከሱቅ ነው የገዛሁት» አለቻት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስም ዝም እንዳልኩ ነበር።

ቡናው ላይ ተናገርኩት። አጎትየው ሳቁን ተወ። እህቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «እኔ መቼ ረሳሁትና» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ልጅቷ ነገሩን በአንድ ጊዜ ነው የገባት። ስቴሮይድ የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት የቆዳን የደም ሥሮች ያጠባል፣ የቆዳ ሕዋሳት እንዳይራቡም ያግዳል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ፊት የሚያጠራው፣ ቆይቶ ደግሞ የሚያሳሳው አለችን። ቤታሜታዞንም፣ ከእሱ የሚበረታው ክሎቤታሶልም እዚህ ውስጥ ናቸው። «መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም እኮ፣ ለትክክለኛው በሽታ በትክክለኛው ጊዜ ከተሰጠ ያድናል። ችግሩ መዋቢያ ሆኖ መሸጡ ነው» አለች። ሌሎችም አሉ። ሜርኩሪ ያለበት የማቅያ ክሬም ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ የእናት ፊት ላይ ያለው በመሳም በመነካካት ወደ ሕፃኑም ይደርሳል። ማሸጊያው ላይ ካሎሜል የሚል ቃል ካያችሁ ሜርኩሪ ማለት ነው። ሚናማታ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1 ኪሎ ግራም ውስጥ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለው መዋቢያ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሃይድሮኪኖን ደግሞ ያለ ሐኪም ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ቆዳን መልሶ ያጠቁረዋል፤ ያ ጥቁረት በቀላሉ አይለቅም።

«እሺ፣ ትምህርቱ ታዲያ ምንድን ነው?» አላት አጎቷ፣ አሁን የምር ሆኖ። እጁን ይዛ ወደ ኩሽና ወሰደችው። እኔም ተከተልኳቸው። ብርጭቆ ውስጥ ዘይትና ውሃ ጨምራ መታችው፤ ወዲያው ተለያየ። የእንቁላል አስኳል ስትጨምርበትና ስትመታው ግን ነጭ ሆኖ ተያያዘ። አስኳሉ ውስጥ ሌሲቲን የሚባል ነገር አለ፣ በአንድ ጎኑ ዘይት በሌላው ውሃ ይይዛል። ክሬም ማለት ይሄው ነው። «ይህ ነገ ይሸታል። ውሃ ባለበት ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል» አለችን። አያቶቻችን ጸጉራቸውን የሚቀቡት ቅቤ ይህን ያህል የማይሻግተው ውሃው ጥቂት ስለሆነ ነው። እሬት ጨምቀው «ንጹሕ ተፈጥሮ፣ ኬሚካል የለውም» እያሉ በማሰሮ የሚሸጡት ክሬም ግን በየቀኑ ጣት እየገባበት ለወራት ይቀመጣል። እኔ ራሴ አንድ አልጋዬ ራስጌ ነበረኝ። የዚያኑ ቀን ጣልኩት።

ከዚያ በኋላ የነገረችንን ሁሉ አልጽፈውም፣ ግማሹ ለእኔም ከባድ ነው። አንድ ክሬም ገበያ ከመውጣቱ በፊት በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት 6 ወር ተቀምጦ መለያየት አለመለያየቱ፣ መሽተት አለመሽተቱ ይታያል። የቆዳችን ፒኤች 5 አካባቢ ነው፤ የተለመደው ሳሙና 9 ወይም 10 ይደርሳል፤ ጸጉር ማለስለሻው ሪላክሰር ደግሞ ከ12 ያልፋል፤ የልጆቻችሁን ጭንቅላት የሚልጠው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብ ያስፈልጋል። ሌስተር ከተማ የሚገኘው የእንግሊዙ ደ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ መድኃኒትንና መዋቢያን በአንድ ዲግሪ ያስተምራል። የእኛዋ ልጅ ግን እዚሁ ነው የምትቀጥለው፤ ክሬምና ቅባትን የሚመለከተው የፋርማሲ ክፍል ፋርማሲዩቲክስ ይባላል።

ሥራ ታገኛለች ወይ ለምትሉኝ፣ እኔም ጠይቄያታለሁ። የሳሙና፣ የቫዝሊን፣ የሎሽን ፋብሪካዎች አሉን፤ የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ ይፈልጋሉ። የመድኃኒት ፋብሪካዎች አሉ፣ ቂሊንጦ የተሠራውም ፓርክ ለእነሱ ነው። የምግብና መድኃኒት ባለስልጣንም አለ። ሀብታም ትሆናለች ብዬ አልዋሻችሁም፤ ጥሬ ዕቃው አብዛኛው ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው። እሷ ግን ስለ ኑግ ዘይትና ስለ ጥቁር አዝሙድ ስታወራ ዓይኗ ያበራል። ዶክተር አክሊሉ ለማን ያስታወሰችንም እሷ ናት። በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩና ቢልሃርዚያን ለመከላከል መንገድ ያገኙ እሳቸው ናቸው። እኔ እንዶድ ስንወቅጥ ነው ያደግሁት፤ አንድም ቀን ስለ ቀንድ አውጣ አስቤ አላውቅም።

እናቷ ገና አልተዋጠላትም። «ዶክተር ትሆናለች ብዬ ነበር» ትለኛለች። ጊዜ ስጫት ብያታለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እህቴ ሳትጠራ መጣች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው፤ ዱቄት፣ ሎሽን፣ ሦስት ቱቦ፣ ኩል። «እስቲ እይልኝ» አለቻት ልጅቷን። ለእኔ ያን ጊዜ ያለችውን ቃል አንድ ሳይቀር። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የአንዱን ቱቦ ጽሑፍ እያጎላች ታነብ ጀመር። ቸኩላ አልመለሰችም። ሁለቱን ወደ ቀኝ፣ ሌሎቹን ወደ ግራ አደረገች። ኩሉ ላይ ጽሑፍ የለም። «ይሄ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ በዓይን አይታወቅም። ሳይመረመር አትኳይው» አለቻት።

እህቴ «ታዲያ ውሰጂው» ብላ ኩሉን ከነብልቃጡ ሰጠቻት።