ሹል እና ስል

ከጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የይፋትን ቆላ ከእግሩ በታች ያያል። የተራራው ከፍታ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከታች ያለው ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ያህል ነው። በደጋው ገብስ፥ በቆላው ማሽላና ጤፍ ይበቅላል። በሁለቱም ስፍራ መከር ሲደርስ ገበሬ ማጭዱን ይስላል።

የማጭድ ብርታት በስለቱ ነው፤ የወስፌ ብርታት ግን በጫፉ ነው። ሴቶች ሰፌድ ሲሰፉ ወስፌው ስንደዶውን እየበሳ ለአለላው መንገድ ያበጃል። ነገር ግን ወስፌ እህል አያጭድም፤ ማጭድም ሰፌድ አይሰፋም። ስለዚህ አማርኛ የሚወጋውን ሹል፥ የሚቆርጠውን ስል ብሎ ይለያል። ጦር ሁለቱንም ይዟል፤ ጫፉ ሹል ነው፥ ጐኑም ስል ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሻርፕ የሚባለው አንድ ቃል ለመርፌም ለቢላዋም ይነገራል። እንግዲህ ያን ቋንቋ የሚማር ልጅ ይህን ቃል ባገኘ ጊዜ፥ ነገሩ የሚወጋ ነው ወይስ የሚቆርጥ ብሎ ይመርምር።

ስለቱ የጠፋ ብረት ደነዝ ይባላል። ሰዎች ይህን ቃል ከብረት አንሥተው ትምህርት ቶሎ ለማይገባው ልጅ ሰጡት። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ገበሬ ማጭዱ በደነዘ ጊዜ በሞረድ ወይም በድንጋይ ይስለዋል እንጂ አይጥለውም። ብረት እንኳ ይህን ያህል ትዕግሥት ካገኘ፥ ልጅ ስለ አንድ ቀን ስሕተት ደነዝ ተብሎ ሊተው ይገባልን? እንዲህ የተባለ ልጅ ፊደሉን ጮኾ ለመጥራት ያፍራል፤ ቀጥሎም ዝም ይላል፤ በመጨረሻም መጽሐፉን ይጠላል። ያን ጊዜ ያደነዘው የወጣለት ስም ነው።

ደግሞ አእምሮው የሰላ ነው ማለት ምስጋና ሲሆን፥ ምላሱ ስለታም ነው ማለት ነቀፋ ነው። ማጭድም እህል ሲያጭድ ይወደዳል፤ የባልንጀራን እጅ ሲቆርጥ ግን ይጠላል። ስለት መልካም የሚሆነው በሥራው ነው።

ስለዚህ ተማሪ አእምሮውን በየቀኑ ይሳል፤ ምላሱን ግን እንደ ሰይፍ በሰገባው ያኑር። ባልንጀራው ሲያነብ ቢሳሳት ፊደሉን ያሳየው፤ ስም አያውጣለት።