ስለ ተለማማጅ ፈቃድ እድሳትና ስለ ራስ ሞተር ብስክሌት

ፈቃድ የሚባለው ነገር ሁለት ምስክርነት አለው። አንደኛው ባለ ፈቃዱ ሥራውን ማወቁን ይመሰክራል፤ ሁለተኛው የሚገባውን ገንዘብ መክፈሉን ይመሰክራል። ዘመኑ ያለፈበት ፈቃድ ለእድሳት ሲቀርብ ከሁለቱ የትኛው እንደሚታደስ መለየት የሹም ሥራ ነው። ይህን ሳይለይ ማኅተሙን ቢያሳርፍ ወረቀቱ ይታደሳል እንጂ ሰውየው አይታደስም። በታላቋ ብሪታንያ ሞተር ብስክሌት መንዳት ለሚለማመዱ ሰዎች የተሠራው ደንብ ይህን ልዩነት አጥብቆ የያዘ ስለ ሆነ፥ በጎነቱም ጉድለቱም ፈቃድ በሚሰጡ ሰዎች ዘንድ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚያ አገር ቀድሞ ተለማማጅ የሆነ ሰው ጊዜያዊውን ፈቃድ ከተቀበለ በኋላ፥ ቀይ ‹ኤል› ፊደል የተጻፈበትን ነጭ ሰሌዳ በሞተሩ ላይ አንጠልጥሎ ያለ አንድ ቀን ትምህርት ወደ አደባባይ መውጣት ይችል ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከዲሴምበር 1 ቀን 1990 ጀምሮ ግን የግዴታ መሠረታዊ ትምህርት የሚባል ደንብ ተሠራ። ተለማማጁ በመጀመሪያ ዓይኑ ይመረመራል፤ የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ከ20 ሜትር ያህል ርቀት ማንበብ አለበት። ከዚያም በተከለለ ሜዳ ማስነሣትን፥ ማቆምንና መዞርን ይማራል፤ በመጨረሻም አስተማሪው እየተከተለው ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ በአውራ ጎዳና ይነዳል። አንድ አስተማሪ በጎዳና ላይ ከሁለት ተማሪዎች በላይ ይዞ መውጣት አይፈቀድለትም። ይህ ትምህርት እንደ ፈተና ወደቀ አለፈ የሚባልበት አይደለም። የኔታ ተማሪው ንባቡን እስኪያጠራ ድረስ እንደማይለቁት ሁሉ፥ አስተማሪው ልቡ ካላመነ የምስክር ወረቀቱን አይሰጥም፤ ሌላ ቀን ተመለስ ይለዋል።

ወረቀቱን የተቀበለ ሰው ዕድሜው 17 ዓመት ከሞላ እስከ 125 ሲሲ የሆነ ሞተር መንዳት ይችላል። ነገር ግን ሰው ማፈናጠጥና ለፈጣን መኪናዎች ብቻ በተለየው ጎዳና መግባት ክልክል ነው፤ የ‹ኤል› ሰሌዳውም ከፊትና ከኋላ መታየት አለበት። የወረቀቱ ዕድሜ ሁለት ዓመት ነው። በነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ የጽሑፉን ፈተናና በሁለት የተከፈለውን የመንዳት ፈተና ጨርሶ ሙሉ ፈቃድ ያላገኘ ሰው፥ ትምህርቱን እንደገና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መውሰድ ይገደዳል። ገንዘብ ከፍሎ ቀን ማስጨመር የለም። በዚያው አገር ፎቶግራፍ ያለበት የመኪና መንጃ ካርድ በየ10 ዓመቱ ሲታደስ አዲስ ፎቶግራፍና ክፍያ ብቻ መጠየቁን ያስተዋለ ሰው፥ ሕጉ በተለማማጁ ሞተረኛ ላይ ይህን ያህል ለምን ጠነከረ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በመቃብር ቁጥር ይገኛል። በ2022 በታላቋ ብሪታንያ ጎዳናዎች ከሞቱት 1,711 ሰዎች 350ዎቹ ሞተር ብስክሌት ላይ የነበሩ ናቸው። ሞተረኞች በጎዳናው ላይ ከሚመላለሰው ሁሉ እጅግ ጥቂቱ ክፍል ሲሆኑ ከአምስት ሟች አንዱ ከነርሱ መሆኑ፥ ደንቡን ጥብቅ አደረገው እንጂ አላከበደውም።

በዚህ እድሳት ላይ ይልቁን የሚያስመሰግነው፥ ተለማማጁ በገዛ ሞተሩ መጥቶ እንዲማር መፈቀዱ ነው። ብዙዎች ይህን የሚወዱት ለትምህርት ቤቱ ሞተር የሚከፈለው ኪራይ ስለሚቀርላቸው ነው። ጥቅሙ ግን ከገንዘቡ ይበልጣል። በቅሎ ያሳደገ ሰው እንደሚያውቀው፥ ግልቢያን በሰው በቅሎ መማርና በራስ በቅሎ መንገድ መሄድ አንድ አይደለም። የአስተማሪ በቅሎ የተገራች ናት፤ የቤት በቅሎ ግን አንዷ ውሃ ስታይ ትደነብራለች፥ ሌላዋ ኮርቻ ሲላላ ትራገጣለች፤ ጠባይዋን የሚያውቀው ጌታዋ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ሞተር ፍሬኑ የተስተካከለ፥ መስተዋቱ የጠበቀ ነው። ተለማማጁ በማግሥቱ ወደ ሥራ የሚሄድበት ግን የራሱ ሞተር ነው፤ አደጋ ቢደርስበትም የሚደርስበት በርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው በርሱ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ጀማሪ አይደለም፤ ነገር ግን ጀማሪ የሌለበት አንድ በሽታ አለበት፤ እርሱም ልማድ ነው። ከመታጠፉ በፊት በትከሻው ላይ ወደ ኋላ መመልከትን ይተዋል። የመታጠፊያውን መብራት አብርቶ ሳያጠፋው ግማሽ መንገድ ይሄዳል። በፊቱ ያለውን መኪና ተጠግቶ ይከተላል፤ እስከ ዛሬ ስላልተጋጨም መራቅ ፍርሃት ይመስለዋል። በእንግዳ ሞተር ላይ ሲቀመጥ ይጠነቀቃልና ይህ ሁሉ ይደበቃል፤ በራሱ ሞተር ላይ ሲሆን ግን ልማዱ ወዲያው ይወጣል። ከኋላው የሚከተለው አስተማሪ በራዲዮ ድምፅ ሊያርመው የሚችለው ይህን ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ በራሱ ሞተር የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ጊዜያዊ ፈቃዱን፥ የመድን ወረቀቱንና የመንገድ ግብር የተከፈለ መሆኑን ያሳያል፤ ሞተሩ ከተመዘገበ ሦስት ዓመት ካለፈው ደግሞ ‹ኤም ኦ ቲ› የሚባለው ዓመታዊ ምርመራ የተደረገለት መሆን አለበት። የጎማው ጥርስ ከወርዱ ሦስት አራተኛ ላይ ከ1 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም። ሰንሰለቱ የላላ፥ መብራቱ የጠፋ ሞተር ይዞ የመጣ ሰው ወይ ሞተር ይከራያል ወይ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህ በፊት ከቤት ሲወጣ የሚገጥመው ነው። ወረቀቱ ገና ሳያልፍ የሚያድስ ሰው ሞተሩን እየነዳ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ወረቀቱ በአንድ ቀን እንኳ ያለፈበት ሰው ግን ያንኑ ሞተር በዚያው መንገድ ሊነዳው አይችልም፤ በጭነት መኪና አስጭኖ ማምጣት አለበት። ይህን ተላልፎ ቢገኝ እስከ 1,000 ፓውንድ መቀጫና እስከ 6 የጥፋት ነጥብ ይጠብቀዋል። መድኑም በፈቃዱ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ላይጸናለት ይችላል፤ ያለ መድን የተገኘን ሞተር ደግሞ ፖሊስ መውሰድ ይችላል። ለማደስ ሲሄድ ሞተሩን ተነጥቆ በእግሩ የሚመለስ ሰው ኀዘኑ እጥፍ ነው።

እንግዲህ ሰው ይህን እያወቀ ስለ ምን እስከ መጨረሻው ቀን ይዘገያል ቢባል፥ ጥፋቱ ሁሉ የተለማማጁ ብቻ አይደለም። አዲሱ ወረቀት የሚቆጠረው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ቀድሞ ያደሰ ጠንቃቃ ሰው ከቀድሞው ወረቀት አንድ ወር ይከስራል፤ እስከ መጨረሻው ሳምንት የጠበቀው ግን ምንም አይጎድልበትም። በመጨረሻው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ተማሪ ሞልቶት ተራ ቢያጣ ወይም አስተማሪው ሌላ ቀን ተመለስ ቢለው ቀኑ ያልፍበታል። ደንቡ የተጠነቀቀውን እየቀጣ የዘገየውን ይጋብዛል ማለት ነው።

የሚያስገርመው፥ የዚያው አገር ሕግ ለሞተሩ ይህን ችግር አስቀድሞ አስቦለታል። ዓመታዊውን ምርመራ አንድ ወር ሊሞላ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ አስቀድሞ ያስደረገ ሰው የቀድሞ ቀኑ አይናጋበትም፤ የሚመጣው ዓመት የሚቆጠረው ከቀድሞው ማለቂያ ነው። ለብረቱ የተሰጠው ይህ ርኅራኄ ለነጂው ተነፍጓል። አንድ ወረቀት ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ባለሥልጣን ቢኖር፥ ፍሬንን ለ13 ወር ካመነ በአስተማሪ ፊት የተፈተነን ሰው ለ25 ወር ቢያምን ምን ይጎዳል? ደንቡን በዚህ በኩል ማረም አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው።

ሌላው ጉድለት ከዚህ የከበደ ነው። እድሳቱ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ ወሰን አልተደረገለትም። ስለዚህ በሞተሩ ላይ ሣጥን ጭኖ በትልልቆቹ ከተሞች ሌሊትና ቀን ምግብ የሚያመላልስ ሰው፥ በየሁለት ዓመቱ እያደሰ ሙሉውን ፈተና ሳይፈተን ዘመኑን ሁሉ ተለማማጅ ሆኖ መኖር ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ተማሪ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት የደገመም ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል። በየሁለት ዓመቱ ተመልሶ ፊደል የሚቆጥር፥ በዚያም የእንጀራውን ሥራ የሚሠራ ተማሪ የለም።

እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ቀን ከጎዳና ይውረድ ማለት ግን ከባድ ፍርድ ነው። ለፈተናው የሚከፍለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ፈተናውን ሲጠብቅ የሚቀርበት የቀን ገቢም አለ፤ ያን ቀን ልጆቹ የሚበሉት ከዚያው ነው። ይልቁንስ ለሁለተኛ ጊዜ ሊያድስ የመጣ ሰው ከሞተሩና ከመድን ወረቀቱ ጋራ የጽሑፉን ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ቢታዘዝ፥ ይህ ፈተና ሞተርም ሜዳም አያስፈልገውምና ሥራውን ሳያስፈታው ወደ ሙሉው ፈቃድ ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል።