በአጥር ውስጥ ግዳይ የለም

እዚህ አሜሪካ፣ ግዛት አቋርጦ ለባለ እርባታ ከፍሎ፣ በአጥር ውስጥ ያደገ ባይሰን የገደለ ወዳጃችን ፎቶግራፉን እያዞረ «ጎሽ ጣልኩ!» ይለናል። ይህ ግዢ እንጂ አደን አይደለም።

ባይሰን መሪው ሲወድቅ ብዙ ጊዜ አይሸሽም፤ ቆሞ ያያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆዳ ፈላጊዎች ካንድ ስፍራ ሳይነሡ በየተራ የጣሉት፣ ሚሊዮኖቹንም ወደ 1,000 ገደማ ያወረዱት በዚህ ነው። በአጥር ውስጥ መተኮስ ከዚያ በምን ይሻላል?

በዩታ፣ ሄንሪ ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ1941 ከየሎውስቶን ከመጡ 18 ባይሰኖች የተራባ መንጋ አለ። አጥር የለውም። ግጦሹ ውስን ስለሆነ ግዛቱ ቁጥር ወስኖ በዕጣ ያስገድላል፤ ዕጣውም በዕድሜ አንዴ ነው። ባለፈው ኅዳር ዕጣ የደረሰውን ባልንጀራዬን ተከትዬ ከኮሎራዶ ሄድኩ። አራት ቀን ዱካ ፈለግን፤ ከጣለው በኋላም ሥጋውን በጀርባችን አወረድን።

«ለእንስሳው ሁለቱም ሞት ነው» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ባይሰን ለሥጋ መርባቱንም አልቃወምም። ግን እርድን እርድ እንበለው። በአባቶቻችን ወግ ግዳይ የጣለ ይፎክራል፤ ሰንጋ ጥሎ የፎከረ ግን አልሰማንም።