የልብስ ማድረቂያ መኪና ወደ ቤት ሲገባ



መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ወልቂጤና ወደ አካባቢዋ በሚጓዙ ልጆች ይሞላል። ልጅም ባዶ እጁን ወደ እናቱ ቤት አይገባም። ቀድሞ ጋቢ የነበረው ስጦታ ዛሬ አንዳንድ ጊዜ የልብስ ማድረቂያ መኪና ሆኗል። ክረምቱን ሁሉ እርጥብ ልብስ በከሰል ምድጃ ዙሪያ ስትዘረጋ ለኖረች እናት ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው። ነገር ግን በዓሉ ሲያልፍ ልጁ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ መኪናው ከእናቲቱ ጋር ይቀራል። በአንድ ቤት እንዲህ የመጣ መኪና ከእንጀራው ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ተሰክቶ፥ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳውን ሲያጠቁር አይተናል። ጎረቤት ሽታውን ባይሰማ ኖሮ እሳቱ ወደ ኮርኒሱ በወጣ ነበር።

እንግዲህ አስቀድሞ በመኪናው ጀርባ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበብ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ማድረቂያ ግን ለ120 ወይም ለ240 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው፤ የ120 ቮልቱ በእኛ መስመር ላይ እንዲሁ ቢሰካ ይቃጠላል።

ቀጥሎም ሸክሙ ይታሰብ። 2,200 ዋት የሚስብ ማድረቂያ 10 አምፔር፥ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ደግሞ 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ሁለቱ ተደምረው 26 አምፔር ይሆናሉ፤ ለ16 አምፔር የተዘረጋ ሽቦ ይህን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ባለሙያ ተጠርቶ ለማድረቂያው የራሱን መስመርና የራሱን ማቋረጫ ያብጅለት። የመሬት ሽቦም አይጓደል፤ የውስጡ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፥ በእርጥብ እጅ የሚነካውን ሰው ከሞት የሚጠብቀው እርሱ ነውና።

በጋዝ የሚሠራውም ማድረቂያ ሙቀቱን ከጋዝ ቢያገኝም የሚዞረው በኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። በባሕር ማዶ ብዙው የሚሠራው በቧንቧ ወደ ቤት ለሚገባ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ በእኛ ቤት ያለው ግን የሲሊንደር ጋዝ ነው። የጋዙ መውጫ ቀዳዳ በባለሙያ ሳይለወጥ ቢገናኝ ነበልባሉ ከልክ ያልፋል። ከተገጠመም በኋላ መጋጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተን፤ አረፋው እየተነፋ ቢመጣ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተን ፈጽሞ አይገባም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይተኛል። ሽታው የተሰማ እንደ ሆነ መብራት ማብራትም ማጥፋትም ክልክል ነው፤ ሲሊንደሩን ዘግቶ፥ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ መውጣት ይገባል።

ከጋዙ የሚወጣው ጭስም በብረት ቧንቧ ከቤት ውጭ ይውጣ። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙትን የሚገድለው መርዝ በዚህም ጭስ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ መልክም ሽታም የለውም። ከልብሱ እየረገፈ በማጣሪያው የሚከማቸው ብናኝም ቶሎ በእሳት ይያያዛልና በየጊዜው፥ ልብስ በደረቀ ቁጥር ይጠረግ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ልጆች ሆይ፤ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ቀን ጨምራችሁ ከእናታችሁ ጋር ልብስ አድርቁ። ማቋረጫውን ማውረድን፥ ሲሊንደሩን መዝጋትንና ማጣሪያውን መጥረግን በገዛ እጇ ስታደርግ ካያችሁ በኋላ በሰላም ሂዱ። ስጦታው ያን ጊዜ ተፈጸመ።