የሰሊጥ ወራትና አዲሱ ዘብ

በጥቅምትና በኅዳር፣ የሰሊጡ ነዶ ተራግፎ ጆንያው በተሰፋ ጊዜ፣ በሰሊጥ አብቃዩ ቆላ፣ በሸሕዲና በመተማ ዮሐንስ፣ ዓመቱን ሙሉ ጸጥ ብሎ የኖረ የነጋዴ ሒሳብ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ብር አስገብቶ፣ ለሳሉጎቹ፣ ማለት ለወራቱ የቀን ሠራተኞች፣ ደመወዝና ለጭነቱ ኪራይ መልሶ እንደሚያስወጣ፣ በቆላው የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህን የማያውቀው ግን ማሽን ለርኒንግ በተባለው ጥበብ ካለፈ መዝገብ ልማድን ተምሮ ከልማድ የወጣውን ሁሉ የሚጠረጥር አዲስ የሒሳብ ዘብ ነው፤ የአዲስ አበባን ደመወዝተኛ ሒሳብ ብቻ እያየ የሠለጠነ እንደ ሆነ፣ ሐቀኛውን ነጋዴ ሊያግድ፣ ጥቂት በጥቂቱ የሚመዘብረውን ግን በሰላም ሊያሳልፍ ይችላል።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም ሆነ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብርን የሚያካሂደው ኢትዮ ቴሌኮም፣ የባንኮቹም የደኅንነት ሹማምንት፣ በዚህ ጥበብ ቢጠቀሙ ሠናይ ነው፤ ሌሊትና ቀን የሚጎርፈውን መዝገብ የሰው ዓይን ብቻውን አይዘልቀውምና። አጥቂውም በዚሁ ጥበብ የዘመድን ድምፅ አስመስሎ ገንዘብ መለመን ጀምሯል። ነገር ግን የሹሙ ተግባር መሣሪያውን በመግዛት አይፈጸምም፣ ሻጩ ምንም ቢምል። ቀድሞ የወንጀልን ምልክት በእጁ እየጻፈ ይጠብቅ የነበረው ባለሙያ፣ ዛሬ የመሣሪያውን ብያኔ ራሱን መመርመር፣ የተማረበትንም መዝገብ እጀ ክፉ እንዳልበከለው ማረጋገጥ ይገባዋል።

እንግዲህ ሹማምንቱ ከመጪው መኸር አስቀድመው የሸሕዲን የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ስለ ሰሊጡ ወራት ጠባይ ይጠይቁ፤ ሒሳቡ የታገደበትም ሰው በዚያው ዕለት ከሰው ፍርድ የሚያገኝበትን በር ይክፈቱ።