የመጀመሪያው ዝላይ በአገር ቤት ወይስ በውጭ አገር?

በጃንጥላ ከአውሮፕላን መዝለል የሚመኝ ወጣት አስቀድሞ የሚያስበው ውጭ አገርን ነው። በኬንያ በዲያኒ የባሕር ዳር ጀማሪው ከአስተማሪው ጋራ ታስሮ ይዘላል። ቦታው ዝቅተኛ ስለ ሆነ አየሩ ወፍራም ነው፤ ጃንጥላውም ቀስ ብሎ ያወርዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ በመሆኑ ወደ ምድር የሚወርደው ሰው ይፈጥናል።

ይህን እያወቅሁ እኔ የአገር ቤቱን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ጀማሪውን ከአደጋ የሚያድነው ትእዛዙ ወዲያው ሲገባው ነው። ሊያርፍ ሲል «እግርህን አንሣ!» የሚለው ቃል በባዕድ ቋንቋ ቢነገረው፥ እስኪተረጕም ድረስ መሬት አይጠብቀውም።

ዕውቀቱም ከእኛ የራቀ አይደለም። አየር ወለድ ወታደሮች ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በአገራችን ሠልጥነዋል። ለዲምቱ ጎረቤት የሆነው የብላቴ ሸለቆም ከደጋው እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ከጦር ሠፈር ወጥቶ ለተማሪ የሚደርስበት ክበብ በአካባቢያችን ቢቋቋም መልካም ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ልዝለል ቢላችሁ «የት አገር?» ከማለታችሁ በፊት «አስተማሪህ ማን ነው? በወላይትኛ ወይም በአማርኛ ያዝዝሃልን?» ብላችሁ ጠይቁት።