የሸለቆው ማዶ ጭላዳ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ጭላዳን ሁሉ በአንድ ስም ስንጠራ ግን መልአኩ ስምጥ ሸለቆን ሳይሻገር የቀረ ያስመስለዋል።

ጭላዳ የደጋ ፍጡር ነው። ቀን ሣር እየነጨ ይውላል፤ ሲመሽ ገደል ላይ ያድራል። ከወገኑ ሁሉ ዛሬ በሕይወት የቀረው እርሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን የምናውቃቸው በቅሪተ አካል ነው። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1835 ነበር። አብዛኞቻችን የምናውቀው የስሜን ተራሮችንና የመንዝ ጓሳን ጭላዳ ነው። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ፣ በአርሲ በኩል፣ በዋቢ ሸበሌ ገደሎች ሌላ የጭላዳ ወገን መኖሩን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

ለእኛ ስምጥ ሸለቆ በመኪና በሰዓታት የምናቋርጠው ቆላ ነው። ለጭላዳ ግን ባሕር ነው፤ የለመደው የደጋ ሣርና ብርድ በዚያ የለምና። እንዲህ ያለ ባሕር በዘመዳሞች መካከል ሲገባ የሚሆነውን የብራና መጻሕፍታችን ያስረዱናል። አንድ መጽሐፍ በሁለት የተራራቁ ገዳማት ለዘመናት ሲገለበጥ፣ የዚህኛው ጸሐፊ ግድፈትና እርማት ለዚያኛው አይደርሰውም። ቅጂዎቹ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። በዘር ውርስም እንዲሁ ነው። የዘረመል ጥናቶች የአርሲውን ጭላዳ ከሌሎቹ የተለየ የዘር ሐረግ ያለው ሆኖ አግኝተውታል። ልዩነቱ ከሸለቆው ወዲህም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት የስሜኑ ጭላዳ 44፣ የማዕከላዊው ደጋ ጭላዳ ደግሞ 42 ክሮሞዞም እንዳለው አሳይቶ፣ ሁለቱ ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ሊባሉ እንደሚገባ አመልክቷል።

ይህን የማነሣው ለስያሜ ክርክር ብቻ አይደለም። የአርሲው ጭላዳ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ እርሻውም እየገፋ ወደ ገደሉ አፋፍ አስጠግቶታል። «ጭላዳ እንደሆነ በስሜን ሞልቷል» ብለን ብንዘናጋ፣ በሌላው ገዳም ቅጂ አለ ብሎ ብቸኛውን ብራና ለእሳት እንደ መስጠት ይሆንብናል። የጠፋውን ንባብ ያኛው ቅጂ አይዘውም፤ የጠፋውንም የአርሲ ጭላዳ ከስሜን አምጥተን አንተካውም።

ስም አውጪዎቹ እኛው ነን። «አንድ ናቸው» ከማለታችን በፊት ሸለቆውን ተሻግረን እንይ።